አዲስ ላፕቶፕ ስትገዙ ዊንዶውሱስ?

ላፕቶፕ የቀየረ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፤ «የድሮው ላይ ያለውን ዊንዶውስ ወደ አዲሱ ማዞር ይቻላል?» እንደ አገዛዙ ነው። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ፣ ኦኢኤም የሚባለው ከሆነ እርሱት። ከማዘርቦርዱ (ከላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ጋር የተቆራኘ ነው፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ቁልፉ ራሱ፣ ማለትም ዊንዶውሱን የሚያስከፍተው ኮድ፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ ባለው ባዮስ በሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ለብቻው የተገዛ ሪቴይል ከሆነ ግን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እስከሠራ ድረስ፣ ይዛወራል።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና «ኤስኤልኤምጂአር ስላሽ ዲኤልአይ» ብላችሁ ጻፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ፣ ከስላሹ በፊት ክፍተት አለ)። ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። ዲስክሪፕሽን የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ኦኢኤም ወይ ሪቴይል ይላል። አለቀ።

ሪቴይል ከሆነ አሮጌውን ከመሸጣችሁ በፊት ቁልፉን ከውስጡ አጥፉት፤ ያው ትእዛዝ ነው፣ መጨረሻው ብቻ «ስላሽ ዩፒኬ» ይሆናል። ከዚያ ስትገዙ የተሰጣችሁን ባለ 25 ፊደልና ቁጥሩን ቁልፍ አዲሱ ላይ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለው ጋ ታስገባላችሁ። ሆምና ፕሮ የተለያዩ የዊንዶውስ ዓይነቶች ናቸው፤ የሆም ቁልፍ ፕሮን አይከፍትም፣ ስለዚህ ቁልፉ እምቢ ሲል መጀመሪያ ይህንን እዩ።

ማይክሮሶፍት 365 (ወርድና ኤክሴል ያሉበት በክፍያ የሚታደስ ጥቅል) ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ከአሮጌው ሳይን አውት፣ አዲሱ ላይ ሳይን ኢን፣ በቃ። ሱቅ ሄዳችሁ በፍላሽ ያስጫናችሁት ክራክ (ፈቃድ የሌለው ኮፒ) ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ፣ የሚዛወር ነገር የለም።