የትኛው ፖርት ይዘጋ? ስፓኒንግ ትሪን በራሴ ምርጫ ያስተካከልኩበት መንገድ

ለአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ስዘረጋ ሁለት አዳዲስ ባለ ጊጋቢት ስዊቾችንና አንድ ቆየት ያለ ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች በሦስት ማዕዘን አገናኘሁ፤ ዓላማዬ አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሥራ እንዳይቆም ነበር። ይህ ቀለበት ግን ያለ ጠባቂ አይተውም። የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት የዕድሜ ገደብ ስለሌለው፣ ቀለበቱ ውስጥ የገባ አንድ የብሮድካስት (ለሁሉም መሣሪያ የሚላክ) መልእክት እየተባዛ ይዞርና ኔትወርኩን በሙሉ ያፍነዋል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የፈጠሩት ስፓኒንግ ትሪ የተባለው የስዊቾች የጋራ ደንብ ትርፉን መስመር ሳይነቅል አንዱን ፖርት በመዝጋት ይህን ይከላከላል።

የተዘጋ ፖርት ሥራ የፈታ እንዳይመስላችሁ። የተጠቃሚ ዳታ አያሳልፍም እንጂ ጎረቤቱ በየ2 ሴኮንዱ የሚልክለትን ቢፒዲዩ (ስዊቾች ስለ ስፓኒንግ ትሪ የሚለዋወጡትን አጭር መልእክት) ዘወትር ይቀበላል፤ ተዘግቶ የሚቆየውም ይኸው መልእክት እስከደረሰው ድረስ ብቻ ነው።

ምንም ሳልነካ ሁኔታውን ስመለከት፣ የተዘጋው ሁለቱን አዳዲስ ስዊቾች የሚያገናኘው ፈጣኑ መስመር ነበር! ሦስቱም ስዊቾች ከፋብሪካ የወጡት 32768 በሆነ የቅድሚያ ቁጥር ስለነበር፣ ሩት ብሪጅ (የሌሎቹ መንገድ ሁሉ የሚለካበት ዋና ስዊች) የሆነው አነስተኛ ማክ አድራሻ (የመሣሪያ መለያ ቁጥር) የያዘው አሮጌው ስዊች ነው። በዚህም የተነሳ በአዳዲሶቹ መካከል የሚመላለሰው ዳታ ሁሉ በእርሱ በኩል ይዞር ነበር። አነስተኛ የቅድሚያ ቁጥር ያለው ስለሚመረጥ፣ ለአንደኛው አዲስ ስዊች 4096፣ ለሁለተኛው 8192 ሰጠሁ። ስፓኒንግ ትሪ ለፈጣን መስመር አነስ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ የጊጋቢት መስመር ዋጋ 4፣ የ100 ሜጋቢቱ ደግሞ 19 በመሆኑ፣ አሮጌው ስዊች ወደ አዲሱ ሩት በቀጥታ በ19፣ በሁለተኛው በኩል ዞሮ በ23 ይደርሳል፤ የሚዘጋውም ይህ ውድ መንገድ የሚጀምርበት የራሱ ፖርት ሆነ።

ከዚያ አሮጌውን ስዊች በቀጥታ ወደ ሩት የሚወስደውን ኬብል ነቅዬ ፈተንኩት። ተዘግቶ የነበረው ፖርት በማዳመጥና በመማር ደረጃዎች ላይ 15 15 ሴኮንድ ቆይቶ ነው ማስተላለፍ የጀመረው፤ ብልሽቱ ከእርሱ ርቆ ቢሆን ኖሮ እስከ 50 ሴኮንድ ሊወስድ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ የስፓኒንግ ትሪ ዓይነት ይህን መዘግየት በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ አሮጌው ስዊች ግን ስለማያውቀው፣ እስኪተካ ድረስ ግማሽ ደቂቃውን መቀበል ግድ ነው።

የሠራተኞች ኮምፒውተር የሚሰካባቸውን ፖርቶች ግን ያለ መጠበቂያ ጊዜ ወዲያው እንዲከፈቱ አደረግኩ፤ ማንም ሰው ስዊች ሰክቶ ቢፒዲዩ ቢመጣባቸው ደግሞ ራሳቸውን እንዲያጠፉ አዘዝኩ።