የምኒልኩ ውስኪ

«የሰው ልጅ ልንጠይቅ ነው፤ ፊት የማያሳፍር ውስኪ ስጠኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ታክሲያቸውን በመጠጥ መደብራችን በር ላይ አቁመዋል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጓደኞቻቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ብርቱ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው በመንግሥት መደብር ነው፤ ዋጋውም የትም ቢሄዱ አንድ ነው። እሳቸው ግን በአማርኛ ተማክረው መግዛት ፈልገው ወንዙን ተሻግረው እኛ ዘንድ ዋሽንግተን ዲሲ መጡ። ለዚህ ምክር ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ጣጣ ያተረፉት።

ሙሽራው በፖስታ 250 ዶላር ሰጥቷቸዋል። ዓይናቸው ከገቡ ጀምሮ ቁልፍ ያለው መስታወት ውስጥ ከሳጥኑ ጋር የቆመው የስኮትላንዱ ውስኪ፣ ጆኒ ዎከር ብሉ ሌብል ላይ ነው፤ በእኛ ዋጋ 229 ዶላር። ቁልፉን አንሥቼ ከፍቼ ብሰጣቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ቦርቦን ከሚባለው የአሜሪካ ውስኪ አገር፣ ከኬንታኪ መመለሴ ነው። የዓመት ዕረፍቴን በሙሉ ፍራንክፈርትና ባርድስታውን ውስጥ የበርሜል መጋዘን ለመጋዘን ስዞር አሳልፌ፣ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ እንደመጣ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ካልሰበክሁ አላርፍም ብያለሁ። እንኳን ደንበኛ፣ ፖስተኛው ሳይቀር ስለ መላእክት ድርሻ ሰምቷል፤ በየዓመቱ ከበርሜሉ ተንኖ የሚጠፋውን ውስኪ እንዲህ ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ለዚህ ገንዘብ አያውጡ» አልኳቸውና ከታችኛው መደርደሪያ ኦልድ ግራንድ ዳድ የሚባለውን ቦርቦን አወረድኩ፤ ሽማግሌው አያት እንደማለት ነው። ባለ ብርቱካናማ ወረቀቱን፣ ቦትልድ ኢን ቦንድ የሚለውን። ዋጋው 29 ዶላር።

ጠርሙሱን ተቀብለው ከመነጽራቸው ሥር አዩት። «ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ሽማግሌ ማን ነው?»

«ቤዝል ሄይደን ይባላል። ውስኪውን ያወጣው የልጅ ልጁ ነው፤ በአያቱ ስም ጠራው።»

«አያቱን ያከበረ ልጅ ነው» አሉ። ይህ ደስ አላቸው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ከምንድን ነው የሚወጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን ምን አለፋችሁ፣ የጠበቅሁት ጥያቄ መጣልኝ ብዬ ቀጠልኩ፦ ቦርቦን ለመባል በሕግ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን እንዳለበት፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል እንደሚቀመጥ፣ ቀለም የሚባል ነገር እንደማይገባበት፣ ያ ቀይ መልኩ በሙሉ ከእንጨቱ እንደሚመጣ።

ከበቆሎ ወዲያ ያለውን አልሰሙኝም። ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ የበቆሎ አረቄ ይዤ ነው የሰው ልጅ የምጠይቀው?»

እኔ ሣቅሁ፤ እሳቸው አልሣቁም። «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ያኛው ከገብስ አይደለም?» አሉ ወደ መስታወቱ እያመለከቱ።

«ከፊሉ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። የተቀላቀለ ውስኪ ነው። ከገብስ ብቅሉ ውስኪ ጋር ከስንዴ ወይም ከበቆሎ የወጣም ይገባበታል። እዚያም ውስጥ እኮ በቆሎ ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል ሌላ፣ አለ ብሎ በአደባባይ መናገር ሌላ» አሉኝ።

ለዚህ መልስ እስከ ዛሬ እየፈለግሁለት ነው። ያን ጊዜ ግን መልስ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገርኩ። ብሉ ሌብል ላይ ዕድሜ አልተጻፈም አልኳቸው። ብላክ ሌብል እንኳን 12 ዓመት ይላል። ይህኛው ላይ ያለው ቦትልድ ኢን ቦንድ የሚለው ቃል ግን በሕግ የታሰረ ነው፦ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ የምርት ወቅት የወጣ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት የተኛ፣ አልኮሉም ልክ 50 በመቶ የሆነ። ሕጉ ያስፈለገውም በዚያ ዘመን ጥሬ አልኮል በትምባሆ ጭማቂ እያቀለሙ ያረጀ ውስኪ ነው የሚሉ ነጋዴዎች ስለበዙ ነው። የጸደቀው ማርች 3 ቀን 1897 ነው።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ይቆጥራሉ። ቀኑን ከየት እንዳመጣሁት ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «የካቲት መጨረሻ፣ 1889» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በመዳፋቸው ባንኮኒውን መታ አደረጉት። «ዐድዋ በዓመቱ! ምኒልክ ጣሊያንን በመቱ በዓመት ከሁለት ቀኑ!»

በቆሎው ተረሳ። የእንጨቱም፣ የመጋዘኑም፣ የሃምሳ በመቶውም ነገር ተረሳ። 29 ዶላሩን ቆጥረው ሰጥተው የተረፈውን ወደ ፖስታው መለሱ። «የልጁን ገንዘብ አተረፍክለት» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያን ቀን ማታ በእርካታ ነው የተኛሁት።

ሰኞ ጠዋት ሙሽራው መጣ። እንደዚያ ያለ ቁጣ በባንኮኒዬ ላይ ያየሁት ገንዘብ ተመላሽ በከለከልናቸው ሰዎች እንኳን አይደለም። የልጅቱ ታናሽ ወንድም ሽማግሌዎቹ ቡና ሳይቀርብላቸው ጠርሙሱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ዋጋውን አግኝቷል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አባትየው ዘንድ ሲደርስ አባትየው መነጽራቸውን አወጡ። ከዚያ «እንምከርበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ» ተባለ።

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ የት አገር አለ?» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ባሕሉ ማመላለስ ነው። አልሰማኝም። ስለ ከሰለው በርሜል ልጀምር ስል ፊቱን አይቼ ተውኩት።

አሠሪዬ ከመደርደሪያው ጫፍ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። ልጁ ሲወጣ፣ «ሰውየው ዋጋ ሊገዛ መጥቶ አንተ ውስኪ ሸጥክለት» አለኝ። ይህን የሚለኝ አከፋፋዩ በዓመት ጥቂት ጠርሙስ ብቻ የሚሰጠንን ቦርቦን ከኋላ ክፍል ደብቆ በሦስት እጥፍ የሚሸጥ ሰው ነው። ደግሞም ለልጁ ምርቃት ብሎ የገዛው አንድ ጠርሙስ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በየጊዜው አቧራውን እየጠረገ «እያረጀ ነው፤ እየከበደ ነው» ይለኛል። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዘጠኝ ዓመትም ይቆይ ዘጠና፣ በገባበት ዕድሜው ይኖራል። ይህን ነግሬው አላውቅም። ለመንገርም አላሰብኩም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ፣ «የምኒልኩ ውስኪ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልገባኝም ነበር። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ጠየቁ። ጋሼ ለካ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነገሩን ለሰው ሁሉ አውርተዋል፤ ሲነገር ሲነገር ውስኪው ለዐድዋ ድል መታሰቢያ ተጠምቆ ነበር እስከ መባል ደርሷል። አንዱ ደንበኛ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሽማግሌ እያየ የምኒልክ የአሜሪካ ወዳጅ ነው ብሎ አስረዳኝ። አላረምኩትም። ማረም ምን እንደሚያተርፍ አይቻለሁ።

አሠሪዬ ታሪክ አይወድም፤ ሲጠየቅ የሚውል ዕቃ ግን ያውቃል። ጠርሙሱን ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ዓይን ትክክል አወጣው። ዋጋውን መጀመሪያ 36 አደረገው፤ ሐሙስ ዕለት 45 ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጋሼ በዚያው ሙሉ ልብስ መጡ። ፖስታው አሁንም በእጃቸው ነው። ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ሰማያዊውን» አሉ። ቁልፉን አንሥቼ ከፈትኩ፤ አንድ ቃል ሳልናገር ሳጥኑን ጠቀለልኩ። 229 ዶላሩን ከፖስታው ቆጠሩ። ከዚያ ከኪሳቸው የራሳቸውን ቦርሳ አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእኔ ደግሞ ያንን የምኒልኩን ስጠኝ፤ ያን ዕለት ከሰዎቹ ቤት አንድ መለኪያ ቀምሼ ልቤ እዚያው ቀርቷል» አሉኝ።

አወረድኩላቸው። ዋጋውን አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ።

«ባለፈው 29 አልነበረም?»

አሠሪዬ ከመደርደሪያው ጫፍ ድንገት ሣጥን መቁጠር ጀመረ። እኔ «ጨምሯል ጋሼ» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም።

ጠርሙሱን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው አዩት፤ ሽማግሌውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። «ያን ቀን 45 ቢሆን ኖሮ እኮ» አሉ ገንዘቡን እየቆጠሩ፣ «ያ ልጅ ስልኩን ባላወጣ ነበር።»