በጊታሬ አንገት ውስጥ ያለው ብረት

ጊታሬ የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ የደረሰ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ሰሞን፣ ኤፍ ኮርድ መያዝ አቃተኝ። ጣቴ የደከመ መስሎኝ ሁለት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ማስመሪያ አምጥቼ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተሰለፉት የብረት ዘንጎች አንዱ) ላይ የወፍራሙን ክር ከፍታ ስለካ 4 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለእንዲህ ዓይነት ጊታር 2.5 አካባቢ ይበቃል።

ያን ጊዜ አንገቱ ውስጥ ስላለው ብረት፣ ስለ ትረስ ሮድ፣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ክሩ ይወርዳል። በድምፅ ቀዳዳው በኩል 5 ሚሊ ሜትር አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) አስገባሁና ሦስት ሩብ ዙር በአንድ ጊዜ አጠበቅኩት። ክሩ በእርግጥ ትንሽ ወረደ። ደስ ብሎኝ ኢ ማይነር ኮርድ ስመታ ግን ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት ያለው ሁሉ ዝዝ ይላል። በገና ላይ ያ ድምፅ የመሣሪያው ነፍስ ነው፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባዋ ቆዳ ሆን ተብላ ታመጣዋለች። ጊታር ላይ ግን ክሩ ፍሬቱን እየነካ ድምፁን ይገድለዋል። የዚያን ዕለት ማታ አንገቱን የሰበርኩት መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሳላውቅ የነካሁት ብረት ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 70 ኪሎ ያህል ይስባሉ። እንጨት ይህን ጉልበት ዓመት ከዓመት ብቻውን አይችለውም፤ ወደ ክሮቹ ይጎብጣል። ትረስ ሮዱ ሲጠብቅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሲላላ ለክሮቹ ይለቀዋል። በቁልፍ የሚስተካከለውን ዓይነት ጊብሰን ቤት ይሠራ የነበረው ታዴየስ ማክሂዩ ነው ፓተንት ያወጣበት፣ በ1923 እ.ኤ.አ.። አንገቱ ግን ፍጹም ቀጥ እንዲልም አይፈለግም። ክር ሲመታ በሰፊው የሚወዛወዘው መሐሉ ላይ ስለሆነ፣ አንገቱ መሐል ላይ በጣም ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት። ልኩ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለእኔ አጨዋወት ደህና ነው።

ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። የሞተር ቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ትዝ አሉኝና ሰፈራችን ካለው ጋራዥ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ፊለር ጌጅ ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ?»

«ለየትኛው መኪና ነው?»

«ለጊታር ነው።»

«ጊታር?» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «እስቲ እዚህ አምጣው፣ እኔም ልየው።»

አመጣሁት። ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ አሰርኩ፣ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከሣጥኑ በሚጋጠምበት 14ኛው ፍሬት ላይ በጣቴ ተጫንኩ። በሁለቱ መሐል ክሩ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ስስ ቅጠሏን ለማስገባት ሞከርን፤ አልገባችም። ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ተኝቷል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል። ጋሼ ቁልፉን በእጃቸው መዘን አደረጉና «ልጄ፣ ዳዶ እምቢ ሲልህ አትታገለው። መጀመሪያ ፍታና ጥርሱን እየው» አሉኝ። የእኔ ዳዶ፣ ቁልፉ የሚያዞረው የትረስ ሮዱ ጫፍ፣ እምቢ አላለም ነበር፤ ምክራቸው የጠቀመኝ ኋላ ነው።

ቤት ተመልሼ ሩብ ዙር አላላሁ፣ ክሮቹን እንደገና ቃኘሁ፣ ጥቂት ጠብቄ ለካሁ። ክር ላልቶ የሚገኝ ልክ ዋጋ የለውም፤ አንገቱ የሚታየው ሙሉ ጉልበት ሲሳብ ነው። እንዲህ እየደጋገምኩ 0.25 ላይ ስደርስ ካጠበቅኩት አብዛኛውን መልሼ ነበር። ፊለር ጌጁን ከመለስኩ በኋላ የምጠቀመው በ10 ቁጥር ክር ቁራጭ ነው። ቁጥሩ 0.010 ኢንች ማለት ስለሆነ ውፍረቱ ራሱ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ዝዝታው ጠፋ፣ ከፍታው ግን ወደ 3.8 ተመለሰ። ለካስ ሕመሙ አንገቱ ላይ አልነበረም። ማስመሪያ ከብሪጁ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) ኋላ የሣጥኑ ፊት ጣውላ ላይ ባስተኛው እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጣውላው የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ አብጦ፣ ብሪጁንም ክሩንም ይዞ ወጥቷል። ትረስ ሮድ የአንገትን ጉብጠት እንጂ የክርን ከፍታ አያስተካክልም። ከፍታው ትንሽ የሚቀየረው እግረ መንገዱን ነው። የከፍታ ቦታው ሳድሉ ነው፤ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር ይነሳል። የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ለጥፌ ከሥሩ 1.5 ያህል ፋቅሁ፤ 3 አካባቢ ደረሰ። ጣቴ አረፈ።

ኅዳር ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አየሩ ሲደርቅ ጣውላው ሰጠመ፣ ክሩ ከምፈልገው በታች ወረደ፣ ዝዝታው ተመለሰ። ይኸኛው የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ሳይሆን አንገቱን ሙሉ ነበር። ቁልፉን አልነካሁም። መጀመሪያ ለካሁ፤ አንገቱ 0.25 ላይ እንዳለ ነው። አዲስ ሳድል ገዝቼ ለበጋ የሚሆን ከፍታ ሠራሁለት፣ የተፋቀውን ለክረምት አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ያለ ምትክ መፋቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ዝዝታው የት እንዳለ እሰማለሁ። ከ1 እስከ 5 ፍሬት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል፤ ማላላት ነው። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ተነስቷል፤ ብረቱን ማዞር ምንም አያደርግለትም። ክሩ ሳይያዝ ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነ ከጊታሩ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያርፉባት ቁራጭ፣ ነት የምትባለው፣ ጎድጓዳዋ ጠልቋል። ከ12 በላይ ከሆነ ደግሞ ሳድሉን አያለሁ።

የጋሼ ምክር የጠቀመኝ የጓደኛዬ ጊታር ላይ ነው። ዳዶው ከራሱ በኩል ነው፤ 7ኛው ፍሬት ላይ ክፍተቱ 0.6 ሆኖ ሳለ ቁልፉ አልዞር አለ። ጓደኛዬ ረዘም ያለ ቁልፍ እናምጣ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ብረቱ ውስጥ ከተሰበረ የፍሬቱን ሰሌዳ ከአንገቱ መንቀል ይጠይቃል፣ ርካሽ ጊታር ላይ ደግሞ ያ ማለት መጣል ነው። ክሮቹን አላላን፣ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ ፈታን። ጥርሱ ዝጓል፣ ዳዶውም ጥርሱ እስከሚያልቅበት ገብቶ ነበር። ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ አጸዳን፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ነካንለት፣ አንድ ቀጭን ሮንዴላ ጨመርን። ጓደኛዬ አንገቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ሲገፋ እኔ ዳዶውን መለስኩ። ሩብ ዙር፣ መቃኘት፣ መለካት፣ ከዚያ ማሳደር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክፍተቱ 0.3 ነበር።

ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ለያዛችሁ፣ አብዛኛው ትረስ ሮድ የለውም። የብረት ክር እንዳታስሩበት እለምናለሁ፤ የሚመልሰው ብረት ስለሌለ አንገቱ ሲጎብጥ ወይም ብሪጁ ሲነቀል ዝም ብሎ ማየት ነው።

በጊታሬ ሣጥን ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ቀን፣ ክፍተት፣ ከፍታ፣ ስንት ዙር ወዴት። የመጨረሻው መስመር የጥር ነው፤ ክፍተት 0.25፣ ከፍታ 2.4፣ ዙር የለም።