የእህቴ ልጅና ስፕሪሷ

ዛሬ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዤ አራት ኪሎ ጭማቂ ቤት ገባን። ስፕሪስ መጣ፦ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ከላይ። ብርጭቆውን አፍጥጣ ስታየው ቆየችና "አጎቴ፣ ለምንድን ነው የማይቀላቀለው?" አለችኝ።

ደስ አለኝ! የውቅያኖስ ተመራማሪዎችም ዕድሜ ልካቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ውቅያኖስም ድርብርብ ነው፤ ከባዱ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች፣ ቀለል ያለው ሞቃት ውሃ ከላይ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ 300 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ 139 ኪሎ ግራም ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚቀላቀል ለማየት አሟሙተው ለቀቁ። ከምንም ጋር አይዋሃድም፣ እጅግ ጥቂቱም በመሣሪያ ይለያል። ከወራት በኋላ ተከታትለው ሲያገኙት ወደ ጎን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘርግቷል። ወደ ላይና ወደ ታች ግን የተጓዘው አሥር ቤት በሚቆጠር ሜትር ብቻ!

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የድሮው የፍሪጅ ጋዝ፣ ሲኤፍሲ ነው። በየዘመኑ አየር ላይ ምን ያህል እንደነበረ ስለሚታወቅ፣ ከጥልቁ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለውን ለክተው ያ ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ አየር የነካው መቼ እንደሆነ ይገምታሉ። ኦዞንን የጎዳ ጋዝ፣ የውሃ ዕድሜ መቁጠሪያ ሆነ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አላወራሁላትም። "ማንኪያውን ከላይ ብቻ፣ ቀስ አድርገሽ አዙሪው" አልኳት። ቀዩ የፓፓያ ክር ማንጎው ላይ ተጠማዘዘ። አጎንብሳ አየችና "አቮካዶው ጋ አልደረሰም" አለች።