ሳንቃበር ላይ፣ ከጭላዳዎች ጋር የዋልኩበት ቀን

ከደባርቅ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከተማዋ ያደርነው ዋዜማውን ነበር። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቦታው ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደው ገደሉን ለማየት ነው። እኔን የወሰደኝ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ ነው። እንስሳ ጠይቀነው አይመልስልንም። ታዲያ ሳይንቲስቶች ባህሪውን እንዴት ያውቃሉ? አንዲት የጭላዳ ዝንጀሮ ተመራማሪ ቀኑን አብሬያት እንድውል ፈቀደችልኝ።

አፋፉ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፤ እዚያ ነብርም ጅብም በቀላሉ አይደርስባቸውም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንድ ራስ ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው ሞላ።

ቁጭ ብለው ሣር መንጨት ጀመሩ። ከጦጣና ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ጭላዳ ብቻ ነው። በሁለት እጃቸው እየቀያየሩ ሲነጩ ድምፁ ይሰማል። አምስት ሜትር ያህል ርቀን ተቀምጠን ዞር ብሎ ያየን የለም። ይህ በራሱ የብዙ ጊዜ ሥራ ውጤት ነው። በየቀኑ ትመጣለህ፣ ምግብ አትሰጥም፣ አታባርርም። እንደ ድንጋይ እስኪቆጥሩህ ድረስ።

የአካባቢው ሰው የሆኑ ረዳት አብረውን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ያቺ ጆሮዋ የተቀደደችው መጥታለች» አሏት። ተመራማሪዋ የጭላዳዋን ስም በኮድ ጻፈች። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ለእሳቸው ግን ጠባሳው፣ አረማመዱ፣ ደረት ላይ ያለው የቀይ ገላ ቅርፅ መታወቂያ ነው። ማን ማን እንደሆነ ካልታወቀ ጥናት የለም።

ከዚያ ሰዓቷን ተመለከተችና ጆሮዋ የተቀደደችውን ሴት መከተል ጀመረች። ለ15 ደቂቃ እሷን ብቻ። በመሃል በግራ በኩል ጩኸት ተነሳ። ሁለት ወንዶች እየተባረሩ ጎፈራቸውን አንጨፍርረው በአጠገባችን አለፉ። ልቤ ተንጠለጠለ። ተመራማሪዋ ዓይኗን አላነሳችም። የምትጽፈውን አየሁ፦ ሣር ትነጫለች። ሣር ትነጫለች። ተቀመጠች። ራሷን አከከች።

«እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት ደቂቃው ሲያልቅ።

ጂን አልትማን የምትባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስላወጣችው ጽሑፍ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ተመልካች የሚጽፈው ዓይኑን የሳበውን ነበር። ጠብና ወሲብ ማስታወሻውን ይሞላዋል። ዝም ብላ ሣር የምትበላዋ ትረሳለች። አስቀድመህ አንድ እንስሳ መርጠህ ለተወሰነ ጊዜ እሷን ብቻ ከተከተልክ ግን፣ ቀኗ በእርግጥ በምን እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ይህን ስሰማ ያነበብኳቸውን የእንስሳት ታሪኮች ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ቀጥሎ እኔም እንድሞክር ማስታወሻ ሰጠችኝ። አንድ አባወራ፣ ማለትም የሴቶቹ ቡድን መሪ ወንድ፣ ሌላ ወንድ ሲጠጋው አየሁና «ተናደደ» ብዬ ጻፍኩ።

«መናደዱን በምን አወቅክ?» አለችኝ።

«ጥርሱን አሳየ።»

«እሱን ጻፈዋ።»

ደግሜ አየሁ። የላይኛው ከንፈሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ድዱ ፈጠጠ። ቅንድቡን ወደ ኋላ ሲስበው የዓይኑ ቆብ ነጥቶ ታየ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ እንኳን አልሞላም። «ተናደደ» ብዬ ሳልፈው ኖሮ አንዱንም አላይም ነበር። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ድርጊት አስቀድመው በትርጉም ያስቀምጣሉ። ሁለት ሰዎች አንድ እንስሳ ለየብቻ ተመልክተው ጽሑፋቸውን ያስተያያሉ። ካልተስማማ መረጃው አይታመንም።

ከሰዓት በኋላ የሠራነው ሥራ ሰገራ መጠበቅ ነው። አዎ፣ ሰገራ። ሴቷ ስትጸዳዳ ማን እንደሆነችና ሰዓቱን ጽፎ ናሙናውን ወዲያው መውሰድ ነው። ውስጡ ሆርሞን አለ። እርጉዝ መሆኗን፣ ጭንቀት ላይ መሆኗን፣ መርፌ ሳያስነኩ ያውቃሉ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ ፓርክ የጀመሩት ጥናት በ2012 አንድ አስደናቂ ነገር ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። አባወራው ተሸንፎ አዲስ ወንድ ሲተካ፣ እርጉዝ ከሆኑት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ በቀጣዮቹ ሳምንታት ጽንሳቸው ይወርዳል። አዲሱ ወንድ የቀድሞውን ግልገሎች ብዙ ጊዜ ይገድላል። ጽንሱ የወረደባት ሴት ቶሎ ታረግዛለች። እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ የታወቀው በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ነበር።

ማንም በዓይኑ ብቻ ይህን ማየት አይችልም ነበር። የተገኘው ሰዎች ለዓመታት በብርድ ተቀምጠው የእያንዳንዷን ሴት ናሙና በስሟ ስላስቀመጡ ነው።

11 ሰዓት ከ40 ላይ መንጋው ወደ ገደሉ መመለስ ጀመረ። ጆሮዋ የተቀደደችው ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «ደክሟታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰረዝኩት። በምትኩ «ሁለት ጊዜ ቆመች፣ ቀስ ብላ ወረደች» አልኩ።