ደሴ ላይ ኮሪዶራስ ለምታራቡ፦ ብርዱን ሳይሆን ውሃውን ፍሩ

ኮሪዶራስ የሚባሉትን ትንንሽ የቤት ዓሣዎች ለማራባት ደሴ ምቹ ከተማ ናት። እኔ ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያስጠነቀቀኝ ስለ ብርዱ ነው። የጎዳኝ ግን ውሃው ነው፤ ስለ ውሃው ደግሞ ማንም ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ለማያውቃቸው፣ ኮሪዶራስ የአምባዛ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። አድገው 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ቢደርሱ ነው። ጢማቸውን አሸዋ ውስጥ እየነከሩ ምግብ ሲፈልጉ ይውላሉ። ሰላማዊ ናቸው። ብቻቸውን መሆን ግን አይወዱም፤ ስድስትና ከዚያ በላይ አድርጋችሁ ያዟቸው።

ዓይነት ስትመርጡ አትቸኩሉ። ነሐስ መልክ ያለው ኮሪዶራስ ኤኒየስ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል። ነጠብጣብ ያለበት ኮሪዶራስ ፓሊያተስ ግን የመጣው ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ አካባቢ ነው። ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይመቸዋል። ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሣዎች አንዱ ነው። ፓሪስ ውስጥ በ1878 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተራብቷል። ያኔ የዛሬው ዓይነት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለም። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደሴ የሚሆነው እሱ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነ ነሐሱም ይስማማችኋል።

ዓሣዎቹን የገዛሁበት ሱቅ “ማሞቂያውን 26 ላይ ካላደረግሽ አይራቡም” ብለውኝ ነበር። አልተቀበልኳቸውም። የኔዎቹ እንቁላል የጣሉት 20 እና 21 ዲግሪ ላይ ነው። ማሞቂያ የምሰካው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ሲከፋ ብቻ ነው።

ይልቅ ከፍታውን አስቡ። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ስለሚይዝ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍነዋል። አሙቂው የሚለው ምክር ያልጣመኝ ለዚህም ጭምር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ የባትሪ አየር ፓምፕ ግን የግድ ነው። ከማሞቂያ በፊት እሱን ግዙ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። አሸዋውን ደህና አድርጎ ማጠብ፣ አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት የሚፈላ ከሆነ መተው፣ ስፖንጅ ፊልተር መግጠም፣ ዓሣ ሳይገባ በፊት ትንሽ ትንሽ ምግብ እየጣሉ፣ ውሃ የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች እንዲራቡበት ፊልተሩን ለሳምንታት ማሠራት። በቃ።

ሴቷ ከላይ ሲያዩዋት ሰፋ ትላለች። ወንዱ ቀጠን ያለ ነው፤ የጀርባ ክንፉም ረዘም ይላል። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ ይሁን። ለተወሰነ ጊዜ ደህና አብሏቸው። ከዚያ የውሃውን ሲሶ ቀንሳችሁ በጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሙሉበት። ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል። ክረምት ላይ፣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ የኔዎቹ ምንም ሳልነካቸውም ጥለው ያውቃሉ። ሴቷ አፏን ወንዱ ሆድ ላይ ታስጠጋለች። ከዚያ ጥቂት እንቁላል በሆዷ ክንፎች መሐል ይዛ ትዞርና መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ ነው ያሳየሁት። ኩራቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

እንቁላሎቹ ጠንካራ ናቸው፤ በጣት እያንከባለሉ ማንሳት ይቻላል። ወላጆቹ ስለሚበሏቸው ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሯቸው። ነጭ ሆኖ የሻገተውን ቶሎ ልቀሙ፣ አለዚያ ደህናውን ያበላሻል። በዚህ ሙቀት ከ4 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ጫጩት የሚያሳድግ ሰው በየቀኑ ጥቂት ውሃ መቀየር አለበት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጫጩቶች በነበሩኝ አንድ ሰሞን ፈረቃውም ቀርቶ ስለነበር ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተን በቦቴ አስመጣን። ሾፌሩን “ክሎሪን በዝቶበት ይሆን?” ብዬ ጠየቅሁት። “አብሽሪ እህቴ፣ ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ነው” አለኝ።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ውሃውን አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይተናል። እንደተባለው በጀሪካን አሳደርኩት። ጠዋት አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ሙቀቱን ለክቼ ለጫጩቶቹም ለትልልቆቹም ጨመርኩላቸው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ትልልቆቹ ወደ ላይ እየተመላለሱ አየር መጎንጨት ጀመሩ። ኮሪዶራስ አልፎ አልፎ ይህን ያደርጋል፤ የዋጠውን አየር በአንጀቱ በኩል ይጠቀምበታል። የዚያ ቀኑ ግን ፋታ የለውም። ወደ ጫጩቶቹ ስሄድ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ስንጥባቸው በፍጥነት ይርገበገባል። ፓምፑን ጨመርኩ፣ በቤቱ የቀረውን የቆየ ውሃ ሁሉ ቀየርኩላቸው። እስከ ማታ አንድም አልተረፈ። ከትልልቆቹ ደግሞ ያቺ መጀመሪያ የጣለችልኝ ሴት ሞተች።

ምክንያቱን ኋላ ነው ያወቅሁት። ክሎሪን የሚተነው በውሃው ገጽ በኩል ነው። ምክሩ የተጻፈው አፉ ሰፊ ለሆነ ክፍት ባልዲና ለሞቀ ቤት ነው። የኛ ጀሪካን አፉ ጠባብ ነው፣ ክዳንም አለው። የደሴ ሌሊትም ቀዝቃዛ ነው። አፍንጫም አይታመንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው በሚጠጣ ውሃ ላይ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል፤ እስከ 5 ሚሊግራምም ይፈቅዳል። የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥለው ግን ከ0.1 በታች ያለውም ጭምር ነው። “ሕፃን የሚጠጣው” የሚባል ውሃ ጫጩት ሊጨርስ ይችላል።

ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ቦቴ ውስጥ በሊትር ስንት ክሎሪን ይጨመራል? መስኮቱ ላይ ያለችው ወደ ፎቅ ላከችኝ። ፎቅ ያለው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሲመጣ “ለምን ፈለግሽው?” አለኝ። ለዓሣ መሆኑን ስነግረው ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። “ውሃው የሚታከመው ለሰው ነው። የዓሣውን አናውቅም። ደብዳቤ ጽፈሽ ነይ” አለኝ። ጽፌ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጡኝ። ቁጥሩ እጄ ላይ አለ፤ መልሱ ግን አልመጣም።

እስካሁን ያናድደኛል። ክሎሪን መጨመሩን አልቃወምም፤ አተት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግን መጠኑን መናገር ምን ይከብዳል? ውሃ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው የተጨመረበትን የማወቅ መብት አለው፣ ዓሣ ኖረውም አልኖረውም።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ውሃውን በሰፊ ሳፋ ገልብጬ የአየር ፓምፕ እከትበትና ሁለት ቀን አቆየዋለሁ። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ማጣፈጫና ቀለም ያልተጨመረበት የቫይታሚን ሲ ዱቄት ወዲያው ክሎሪኑን ያከሽፈዋል፤ ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 2.5 ሚሊግራም ያህል ይበቃል። መጠኑን የሚነግራችሁ ስለሌለ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ያዙ። ክረምት ላይ ደግሞ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አጠራቅሙና ከቧንቧው ጋር ቀላቅሉት። አዲስ ውሃ ስትጨምሩ መጀመሪያ ለትልልቆቹ ይሁን። ደህና ካደሩ ለጫጩቶቹ ስጡ።

ምግቡ ብዙ አያስጨንቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ግድም ከእንቁላሉ ይዘው የወጡትን ይመገባሉ። ከዚያ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም የጨው ውሃ ደቃቅ ሽሪምፕ፣ ከተገኘ የሚወዳደረው የለም። ካልተገኘ በአጃ ገንፎ የሚረባው ማይክሮ ወርም የሚባል ደቃቅ ትል ጥሩ ነው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ አልመክርም። ውሃውን በአንድ ቀን ያበላሸዋል፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው።

ሲበዙባችሁ ወስዳችሁ ሐይቅ ወይም ቦርከና ወንዝ ላይ አትልቀቋቸው። የአገራችን ዓሣ አይደሉም፤ በሽታ ይዘው ሊገቡም ይችላሉ። ለሚያራባ ሰው ስጡ ወይም ሽጡ። የኔዎቹ ልጆች ዛሬ ደሴም ኮምቦልቻም ሰው ቤት አሉ። ሊወስድ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃ በምን እንደሚያሳድር ነው። በጀሪካን ካለኝ ሳፋ እስኪገዛ ዓሣውን አልሰጠውም።