ቧንቧ ከፍቼ የወጋሁት መርፌ

እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጪ ላብራቶሪ ውስጥ በሚዋሃዱበት ሕክምና (IVF) ልጅ ለመውለድ ያደረግኩትን የመጀመሪያ ሙከራ ለማንም አልተናገርኩም። ከደሴ አዲስ አበባ የሄድኩት «ለስልጠና» ብዬ ነው። ያረፍኩት ዘመድ ቤት ነበር። እንቁላል የሚያሳድገውን የመርፌ መድኃኒት በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከጎመኑ ስር ደበቅኩት። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እከፍትና ሆዴ ላይ እወጋለሁ። ለ10 ቀን እንዲህ ነበርኩ።

እንቁላሉ ወጣ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከባለቤቴ ዘር ጋር ተዋሃደ፤ ፅንሱ ማህፀኔ ገባ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ነው። ከመርፌው ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። እስከዚያ በየሁለት ቀኑ ሐኪም ሲያየኝ ቆይቶ፣ ድንገት ጠያቂ የለም። የደም ምርመራው «የለም» ባለ በሳምንቱ ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ዓይንሽን በዓይንሽ አታዪም?» አሉኝ። ለምርቃት ነበር ያሰቡት። በረካው ሳይደርስ ተነሳሁ።

ለወራት «ስለተጨነቅኩ ነው ያልያዘው» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ሸክሙን ያቀለለችልኝ አንዲት ነርስ ናት። ብዙ ጊዜ ፅንሱ የማይይዘው የክሮሞዞም ጉድለት ስላለበት እንደሆነ፣ ሴትየዋ ስለተጨነቀች ነው የሚለው በጥናት እንዳልተረጋገጠ አስረዳችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያንን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ!

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ምስጢሬን የምነግራት ሰው የባለቤቴን እህት መረጥኩ። የፈራኋት እሷን ነበር። ችግሩ የእሱ ዘር ማነስ መሆኑን ራሱ ነገራት። መካንነት ሲነሳ ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ መንደር ውስጥ ስሟ የሚነሳው ግን ሴቷ ብቻ ናት። ከእህቱ ጋር አንድ ነገር ተስማማን፦ ውጤቱን እኔ እስክነግራት አትጠይቀኝም። እናቱንም ሆነ ጎረቤቱን የምትመልሰው እሷ ናት። መርፌውን ደግሞ ባለቤቴ ይወጋኝ ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ የሁለታችን ሆነ።

እሱም አልያዘም። የባለቤቴ እህት መጣች፣ «አብሽሪ» አለችኝ፣ ጀበናውን ጣደች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሦስቱንም ጠጥተን ተነሳን።

አሁን ከወልድያ የመጣች አንዲት ልጅ አዲስ አበባ መርፌ ጀምራለች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። ስፒከር ላይ አድርጋ ስልኩን ታስቀምጠዋለች። ወግታ እስክትጨርስ አብሬያት እቆያለሁ።